የእስረኛ ጠባይና የጠባቂው ስፍራ

ቋንቋ፥ የቀድሞ ልማድ ከቀረ በኋላ እንኳ ስሙን ይዞ የሚያቈይ መዝገብ ነው። አንድ ሰው አንድን ነገር ነቅቶና ተግቶ ሲጠብቅ «በዓይነ ቍራኛ ይጠብቀዋል» እንላለን፤ ዳሩ ግን ይህን ስንል ቍራኛ ማን እንደ ነበረ የሚያስታውስ ከመካከላችን ጥቂት ሰው ነው። በቀድሞው ያገራችን የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፥ ወይም ባለገንዘብና ባለዕዳ፥ ነገራቸው በዳኛ ፊት እስኪቈረጥ ድረስ እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ይኖሩ ነበር። አብረው ይውላሉ፥ አብረው ይበላሉ፥ ሲመሽም ጎን ለጎን ይተኛሉ። ከሳሹ በራሱ እጅ ሰንሰለት መግባቱን ያልወደደ እንደ ሆነ በገንዘብ ሌላ ሰው ቀጥሮ ያስቈራኝ ነበር። ከእስረኛው ጋር የተቈራኘውም ሰው ቍራኛ ይባላል።

ልማዱ ጭካኔ ያለበት ነበረና ቀረ፤ መቅረቱም መልካም ሆነ። በደል ያልሠራ ሰው ከበደለኛው እኩል ታስሮ የሚንገላታበትን ሥርዓት ዛሬ ማንም አይመኘውም። ነገር ግን ሰንሰለቱን ትተን ሰውየውን ብቻ ብንመለከት፥ ቍራኛው ከዛሬው የእስር ቤት ዘበኛ የሚበልጥበት አንድ ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም ቅርብ መሆኑ ነው። እስረኛው ሲተክዝ ያየዋል፥ ከማን ጋር እንደ ተንሾካሾከ ይሰማዋል፥ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደ ተገላበጠ ያውቃል። እኛ ግን ቃሉን ወርሰን ቅርብነቱን ትተን፥ ከማማ ላይ ጠብመንጃ ይዞ የቆመውን ዘበኛ «በዓይነ ቍራኛ ይጠብቃል» እንለዋለን። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገር ያሰብነው ስለዚህ ስለ ቀረው ቅርብነት ነው።

ሰው ሲታሰር የሚወሰድበት ነፃነቱ ነው፤ ጠባዩን ግን ማንም በበሩ ላይ አይቀበለውም። ቂሙን፥ ፍርሃቱን፥ ልማዱንና ብልሃቱን ሁሉ ይዞ ይገባል። እንግዲህ አንድ መቶ ወይም አምስት መቶ ሰው በአንድ ቅጥር ውስጥ ሲያድር፥ ይህን ሁሉ ጠባይ የሚገዛ ሥልጣን በዚያ ውስጥ መኖሩ አይቀርም። መንግሥት የሾመው ጠባቂ ሥልጣኑን ቢይዘው በሕግ ይያዛል፤ ጠባቂው ትቶት ወደ በሩ የሸሸ እንደ ሆነ ግን ሥልጣኑ ከመሬት ወድቆ አይቀርም፤ ከእስረኞቹ መካከል ጉልበት ያለው ወይም ገንዘብ ያለው ያነሣዋል።

የቀድሞ ነገሥታት የእስረኛን ነገር በተራራ ጨርሰውት ነበር። በአምባ ግሸን፥ በኋላም በጎንደር ነገሥታት ዘመን በወህኒ አምባ፥ ለዙፋን ያሠጋሉ የተባሉት የንጉሥ ልጆች ተግዘው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ እስር ቤትን ሁሉ ወህኒ ማለታችን ያንን አምባ ያስታውሰናል። በዚያ ስፍራ ዋናው ዘበኛ ገደሉ ነው። ጠባቂዎቹ መውጫዪቱን መንገድ ከያዙ ሥራቸው ተፈጸመ፤ ከላይ ያሉት መሳፍንት ቢጣሉም ቢፋቀሩም የራሳቸው ጕዳይ ነው። ከዚያ ወዲህ ግንብ ተሠራ፥ የብረት በር ተበጀ፥ ማማ ቆመ። ዳሩ ግን አሳቡ ያው የአምባ አሳብ ሆኖ ቀረ፤ ግንቡ የገደሉን፥ በሩም የመውጫዪቱን ስፍራ ያዘ። እስረኛው ካላመለጠ ዘበኛው ሥራውን እንደ ፈጸመ ይቈጠራል፤ ውስጥ ምን ሲሆን እንደ ዋለ የሚጠይቀው የለም።

ሕጉስ ከዚህ አልፎ ሄዷል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የወህኒ ቤቶች አዋጅ ቍጥር 45 ወህኒ ቤቶችን በአንድ ሥርዓት ሥር አዋለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ21ኛው አንቀጽ፥ በጥበቃ ሥር ያለና ተፈርዶበት የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ የመያዝ መብት እንዳለው ደነገገ። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶችም በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1174 ወጣላቸው። በዚህ መካከል ወህኒ ቤት የሚለው ስም ቀርቶ ማረሚያ ቤት ተባለ፤ እስረኛውም ታራሚ ሆነ። ስሙ ግሩም ስም ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል ሥራ እንደሚያዝዝ ያወጡት ሰዎች ሳያስቡት አልቀሩም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ማረም የሚለውን ቃል ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ገበሬው ነውና። በደርግ ዘመን በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ ስሟ በተሰማው በየጥኖራ፥ ወይም በብቸናና በሞጣ ዙሪያ ባለው የጤፍ አገር፥ በክረምት የሚያልፍ መንገደኛ ገበሬው ከነቤተ ሰቡ ጎንብሶ ሲያርም ያያል። ከማሳው ዳር ቆሞ ጤፉን የሚያይ ገበሬ ሌባና ከብት ይከለክል ይሆናል እንጂ አያርምም። አረሙ ከቡቃያው ጋር ተመሳስሎ በቅሏልና፥ ወደ ውስጥ ገብቶ ከቅርብ አይቶ አንድ በአንድ በእጁ ካልለየው በቀር አይወጣለትም።

የጣሊያን ወረራ ካተረፈልን ቃላት መካከል ሁለቱ ከእስር ቤት ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዱ ከርቸሌ ነው፤ ሁለተኛው ካቦ ነው፥ አለቃ ማለት። ካቦ በመንገድ ሥራና በግንብ ሥራ የሠራተኞች አለቃ ነው፤ በእስር ቤት ግን ራሱ እስረኛ ሆኖ ሳለ በክፍሉ ሰዎች ላይ የተሾመው ነው። የመኝታ ስፍራ ያድላል፥ ክፍሉን ያስጠርጋል፥ ለቈጠራ ያሰልፋል፥ ጠብ ሲነሣ ይገላግላል። ከካቦዎች መካከል ፊደል የቈጠሩ፥ ለታመመ የሚደርሱ፥ ለደካማ የሚቈሙ ደጋግ ሰዎች እንዳሉ አንክድም። ጥፋቱ ሰዎቹ ክፉዎች መሆናቸው አይደለም። ጥፋቱ ሹመቱ በሕግ ያልተወሰነ፥ ደመወዙም ያልታወቀ መሆኑ ነው። ደመወዝ የሌለው ሹም ደመወዙን ከተገዢው መውሰዱ የታወቀ ነው። አዲስ የገባ እስረኛ «የሻማ» እየተባለ ገንዘብ የሚጠየቅበት ልማድ፥ ከመስኮት ዳር መተኛት ዋጋ የሚያወጣበት ገበያ፥ ከቤት የመጣ ስንቅ ለሁለት የሚከፈልበት ሥርዓት፥ ይህ ሁሉ ጠባቂው ትቶት በሄደው ስፍራ የበቀለ ነው።

ከዓመታት በፊት ይህ ጸሐፊ ለሥራ ጕዳይ ወደ አንድ እስር ቤት ገብቶ ነበር፤ ስፍራውን መጥቀስ አያስፈልግም። በግቢው ጥላ ሥር ፈትል የሚያጠነጥን አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘንና ከእርሱ ጋር ተጨዋወትን። ስለ አገሩና ስለ ልጆቹ ከነገረን በኋላ «አባቴ፥ እዚህ ቤት የሚያዝዝዎት ማን ነው?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም ወዲያና ወዲህ አይቶ፥ «ጌታው፥ ቀን ፖሊሱ፥ ሌት ካቦው» አለን። ከዚህ በላይ ቢጠይቁትም አልተናገረም። ከእኛ ተለይቶ ወደ ክፍሉ ሲሄድ ግን አንድ ጎልማሳ እስረኛ በደጃፉ አስቁሞ ሲጠይቀው አየን፤ ምን እንዳወራን እየጠየቀው እንደ ነበረ ከሽማግሌው አንገት መድፋት ለመረዳት አያስቸግርም። ፖሊሱ በዚያ ሰዓት ከትልቁ በር ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ በሩን ጠብቅ ተብሎ ታዝዟልና በሩን ይጠብቅ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ስለ ካቦ ሲሰማ ዮሴፍን ማሰቡ አይቀርም። የግብጹ የግዞት ቤት አለቃ እስረኞቹን ሁሉ በዮሴፍ እጅ ትቶ፥ እርሱ ምንም ሳይመለከት ይኖር እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ያም ቤት በዮሴፍ እጅ ተከናወነ። ዳሩ ግን አለቃው ዮሴፍን ያገኘው በዕድል ነው፤ በየክፍሉ ዮሴፍ ይገኛል ብሎ ሥርዓትን በዚያ ላይ መመሥረት ከባድ ድፍረት ነው። ይልቁንም ልብ ልንለው የሚገባ ዮሴፍ ያደረገው ነገር ነው። የንጉሡ የመጠጥ አሳላፊና የእንጀራ ቤት አለቃ ታስረው ሳሉ፥ ዮሴፍ በጧት ገብቶ ፊታቸው እንደ ወትሮው አለመሆኑን አየና ስለ ምን እንዳዘኑ ጠየቃቸው። የታሪኩ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ የጧት ጥያቄ ነው። በጧት ገብቶ ፊት ማየት የማን ሥራ ነበር? የዮሴፍ አልነበረም፤ የአለቃው ነበር።

የዓለም መንግሥታትም በዚህ ነገር አሳባቸውን አስታውቀዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1955 በጄኔቫ የተሰናዳው የእስረኞች አያያዝ ደንብ በ2015 ታድሶ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲጸድቅ የኔልሰን ማንዴላ ደንብ ተባለ። በ40ኛው ክፍሉ ማንም እስረኛ በሌላው እስረኛ ላይ የመቅጣት ሥልጣን ሊሰጠው እንደማይገባ ይናገራል፤ እስረኞች በትምህርት፥ በስፖርትና በማኅበራዊ ሥራ በጠባቂዎች ተቈጣጣሪነት ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ግን ይፈቅዳል። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ካቦው ኳስ ጨዋታ ቢያዘጋጅ፥ ፊደል ቢያስቈጥር ይመሰገናል፤ ማን የት እንደሚተኛ፥ ማን እንደሚቀጣ ግን የሚቈርጠው መንግሥት የቀጠረው ሰው ሊሆን ይገባል።

አሁን ነገሩን ወደ ምሥራቅ ጎጃም እናምጣው። ብቸናና ሞጣ በቀድሞው አስተዳደር እያንዳንዳቸው የአውራጃ ከተማ ነበሩ። ወደዚህ አገር ፍርድ ቤት የሚመጣው ሰው በብዛት ገበሬ ነው፤ ጥሉም ከከተማ ሌባ ጥል የተለየ ነው። መሬት ከአባት ወደ ልጅ በተከፈለ ቍጥር ድንበሩ ይበዛል፥ ድንበር በበዛ ቍጥር ጠብ ይበዛል። አንዱ የወንድሙን ልጅ በድንበር ይገድላል፤ ሌላው በሠርግ ቤት በወጣ ቃል ተነሥቶ ጎረቤቱን ያቈስላል፤ ሦስተኛው የአባቱን ደም መልሶ፥ ጠብመንጃውን ተሸክሞ እጁን ለመንግሥት ይሰጣል። እነዚህ ሰዎች ከዚያ ቀን በፊት የሰው እንጀራ ያልነኩ፥ በአገራቸው የተከበሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ደም ያለበት ሰው ነገሩ በእስር ቤቱ በር ላይ አይቆምም። የሟች ያክስት ልጅ በሌላ ጕዳይ ታስሮ በዚያው በር ይገባል። ገዳይና የሟች ዘመድ በአንድ ግቢ ውሃ ሲቀዱ ይገናኛሉ፤ ምናልባትም በአንድ ክፍል ያድራሉ።

ይህን መዝገቡ አይናገርም። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የእስረኛው ስም ከነአባቱ፥ ወንጀሉና የፍርዱ ዘመን ነው። ይህ ሰው ለዚያ ሟች በእናቱ በኩል ሦስተኛ ቤት መሆኑን የሚያውቅ፥ ከእስረኞቹ ጋር ተቀምጦ «አገርህ ወዴት ነው? እናትህ የማን ልጅ ናት?» ብሎ የጠየቀ ጠባቂ ብቻ ነው። ጎጃምም የቅኔ አገር ነው። ገበሬው ስድቡንም ዛቻውንም በሰምና ወርቅ ይናገራል፤ ማታ ከክፍሉ ጥግ በቀስታ የተንጎራጎረች አንዲት ቃል፥ ለባዕድ ጆሮ የእርሻ ዘፈን ብትመስልም፥ ለሚመለከተው ሰው የደም ማስታወሻ ልትሆን ትችላለች። ከማማ ላይ ያለው ዘበኛ የሚሰማው ዜማውን ነው። በዚህ አገር ደግሞ የሚጮኸው ሰው ብዙ አያሠጋም፤ የሚያሠጋው ከሦስት ቀን ጀምሮ ዝም ያለው ነው። ዝምታን ለማወቅ ግን ሰውየው ከትናንት በስቲያ ይናገር እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ ስለዚህ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ202ኛው አንቀጽ እንደሚለው፥ የተፈረደበት ሰው ከእስራቱ ዘመን ሁለት ሦስተኛውን፥ ዕድሜ ልክም ከሆነ 20 ዓመት የፈጸመ እንደ ሆነ፥ ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። ለዚህም በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት፥ ያደረሰውንም ጉዳት እንደሚቻለው መካስ አለበት። ይህንንም ለፍርድ ቤቱ የሚያቀርበው የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ወይም እስረኛው ራሱ ነው። እንግዲህ 15 ዓመት የተፈረደበት አንድ ገበሬ 10ኛውን ዓመት ሲፈጽም፥ የቀረው 5 ዓመት ያለው በአንድ ምስክርነት ላይ ነው ማለት ነው። ሲታሰር ሁለት ዓመት የሆነው ልጁ፥ አባቱ በአመክሮ ቢወጣ በ12 ዓመቱ እረኛ ሳለ ያገኘዋል፤ ባይወጣ በ17 ዓመቱ ሞፈር ጨብጦ፥ ምናልባትም የአባቱን ቂም አንሥቶ ያገኘዋል።

ምስክሩ ማን ነው? አሥር ዓመት ሙሉ የዚህን ሰው ጠባይ ያየው ማን ነው? ጠባቂው በበሩ ላይ ከነበረ ያየው መግባቱንና መውጣቱን ነው። ስለዚህ አስተዳደሩ ሲጠየቅ ጠባቂውን ይጠይቃል፥ ጠባቂውም ካቦውን ይጠይቃል፤ የሰውየውም አምስት ዓመት በሌላ እስረኛ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ካቦው ጻድቅ ቢሆን እንኳ ይህ ሥልጣን ለእርሱ አልተሰጠም፤ ካቦው ጻድቅ ባይሆን ደግሞ ምስክርነቱ ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ በቤቷ ያለችው ሚስት ናት፥ በግ ሸጣ። ፍርድ ቤቱ ይህን ሁሉ አያይም፤ የሚያየው ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ነው።

ከእስረኞቹ መካከል የሚውል ጠባቂ ግን የሚጽፈው ያየውን ነው። በጾም ወራት ከተነሣው ጠብ ራሱን አሽሽቶ እንደ ተቀመጠ፥ ሽመና ተምሮ ሁለት ልጆች እንዳስተማረ፥ ለሟች ቤተ ሰብ ሽማግሌ ለመላክ ሁለት ጊዜ ጠይቆ የሚያደርስለት እንዳጣ ይጽፋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለምሥራቅ ጎጃም ከሁሉ ይበልጣል። ሕጉ ካሳ ያለው በአገሩ ልማድ ያለ ዕርቅ አይፈጸምምና፤ ያልታረቀ ሰው በአመክሮ ቢወጣ የሚጠብቀው በመንገድ ላይ ያደፈጠ ጠብመንጃ ነው።

ይህን አሳብ እኛ ከልባችን አላመነጨነውም፤ በሌላው ዓለም በሥራ ተፈትኗል። የእንግሊዙ ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ1791 ባሳተመው መጽሐፍ፥ እስረኞቹ ሁሉ በዙሪያ ሆነው ጠባቂው ከመካከል ካለ ማማ፥ ራሱ ሳይታይ ሁሉን የሚያይበትን ክብ ሕንፃ አሰበ። ብልሃቱ ብዙ ሰው ማረከ፤ ነገር ግን የማይታይ ዐይን ያስፈራል እንጂ አያርምም። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ክፍሎቹ በመተላለፊያ ግራና ቀኝ የሚሰለፉበት እስር ቤት ተለመደ፤ ጠባቂው በየሰዓቱ ይዞራል፥ በሁለቱ ዙር መካከል ግን እስረኞቹ ለራሳቸው ናቸው። ኋላም ጠባቂውን በመስተዋት ቤት ውስጥ አስቀመጡት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በቺካጎ፥ በኒው ዮርክና በሳንዲያጎ አዲስ እስር ቤቶች ሲከፍት ሌላ መንገድ ሞከረ፤ በ1981 በካሊፎርኒያ የማርቲኔዝ ከተማ የተከፈተው የአውራጃ እስር ቤትም ያንኑ ተከተለ። ክፍሎቹ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ዙሪያ ሆኑ፤ አንድ ጠባቂ መሣሪያ ሳይዝ፥ መስተዋትም ሳይከልለው፥ ከ40 እስከ 60 ከሚሆኑ እስረኞች ጋር እንዲውል ተደረገ። ሥራውም ሰላምታ መስጠት፥ መጠየቅ፥ ሕጉን ከመጀመሪያው ቀን መንገር፥ ደግ የሠራውን ማመስገን፥ ጠብን ገና ቃል ሳለ መያዝ ነው። ጠባቂዎቹ በመጀመሪያ ፈርተው ነበር፤ ኋላ ግን ጠቡና የዕቃ መሰበሩ ከቀድሞው እጅግ ቀነሰ።

ዳሩ ግን ሕንፃው ብቻውን ምንም አያደርግም። ከእነዚያው አዲስ ቤቶች አንዱ በሆነው በኒው ዮርኩ እስር ቤት፥ በ2019 ስሙ በዓለም የታወቀ አንድ ባለጸጋ እስረኛ በክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ሁለት ጠባቂዎች በዚያ ሌሊት ሳይዞሩ ዞርን ብለው በመዝገብ ላይ መፈረማቸው ታወቀ፥ ተከሰሱም፤ ቤቱም በ2021 ተዘጋ። ገንዘብም ሕንፃም በሞላበት አገር ይህ ከሆነ፥ የሚጠብቀው ሰውየው እንጂ ግንቡ አለመሆኑን ያስረዳል።

እኛም ቢሆን ይህን ነገር ከባሕር ማዶ ብቻ መፈለግ የለብንም። ከብቸና አጠገብ ባለችው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ የጎጃም ደብሮች የተማረ ሰው የኔታ እንዴት እንደሚያስተምሩ ያውቃል። ከዛፍ ሥር ወይም ከጎጆው መካከል ይቀመጣሉ፤ ተማሪዎቹም በዙሪያቸው ሆነው አንዱ ፊደል፥ አንዱ ዳዊት፥ አንዱ ውዳሴ ማርያም፥ ሁሉም በአንድነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። የውጭ ሰው ቢመጣ የሚሰማው ሁካታ ነው። የኔታ ግን ከዚያ ሁካታ ውስጥ የሳተውን አንዱን ቃል ይሰሙና ራሳቸውን ሳያዞሩ ያርሙታል፤ አንዱ ልጅ ዝም ያለም እንደ ሆነ ዝምታውን ይሰሙታል። ከየኔታዎች መካከል ዐይናቸው የታወረም ነበሩ። አለንጋ አልነበራቸውም አንልም፤ ነበራቸው። ነገር ግን ልጆቹን የያዘው አለንጋው አልነበረም፥ የኔታ ከመካከላቸው መሆናቸው ነበር።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ እናውቃለን። ጠባቂው ጥቂት፥ እስረኛው ብዙ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። መቶ ሰው ከሚያድርበት ክፍል አንድ ፖሊስ ማስገባት ቀላል ነገር አይደለም። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ከእስረኞች መካከል ሲውል በጉቦ ይፈተናል ይባላል፤ ይህም እውነት ነው፥ ነገር ግን በበር ላይ ያለውስ አይፈተንምን? በር ላይ የሚቀበለውን ማን ያየዋል? ከመካከል የሚውለውን ግን መቶ ዐይን ያየዋል። ይደፈራል፥ መሣሪያውን ይነጠቃል የሚሉም አሉ፤ ስለዚህ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው መሣሪያ መያዝ የማይገባው፤ ጠብመንጃው ከግንቡ ላይ ይቆይ። ዛሬ ደግሞ ካሜራ እንስቀልና ይብቃ የሚል አሳብ ይሰማል። ካሜራ ጠቡን ከተጣሉ በኋላ ያሳየን ይሆናል፤ «ልጄ፥ ዛሬ ለምን እንጀራህን አልበላህም?» ብሎ ግን አይጠይቅም።

እንጀራ ካነሣን ዘንድ፥ የራበውን ሰው ማንም ቅርብ ሆኖ ቢጠብቀው ጠባዩን ሊያቀናው አይችልም። በ2008 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ለአንድ እስረኛ ለምግብ፥ ለውሃና ለሕክምና በቀን ይመደብ የነበረው 9 ብር ያህል ነበር። የቀረውን ያሟላ የነበረው ዘመድ በስንቅ ነው። ዘመዱ ሩቅ የሆነ ሰው ስንቅ ላለው ሰው ሎሌ ይሆናል፤ የካቦውም መንግሥት ግማሹ የቆመው በዚህ ነው። ሥራ መፍታትም እንዲሁ ነው፤ ሽመናና አናጢነት፥ ትምህርትና እርሻ በሌለበት ግቢ ከጧት እስከ ማታ የሚሠራው ነገር ቂም መቍጠር ብቻ ነው።

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳር በሚገኘው በቂሊንጦ እስር ቤት እሳት ተነሥቶ መንግሥት በሰጠው ቍጥር 23 ሰዎች ሞቱ። የዚያን ቀን ነገር በፍርድ ቤት የተመረመረ ነውና እኛ አንመረምረውም። ነገር ግን እሳት በየትኛውም ቅጥር ውስጥ ሊነሣ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ቁልፉ ካለበት እጅ እስከ ክፍሉ በር ድረስ ያለው ርቀት የሰው ነፍስ ዋጋ አለው።

ስለዚህ ሌሊቱን አስበን እንጽፋለን። ማታ በ12 ሰዓት ቈጠራ ይደረጋል፥ በሩም ይዘጋል፤ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ በብዙ ስፍራ ከውስጥ የሚያዝዝ ካቦው ብቻ ነው። ያ ሽማግሌ የነገረን ይህንኑ ነበር። ሁሉን ነገር በአንድ ዓመት ማሰናዳት ባይቻል እንኳ፥ ከዚህ መጀመር ይቻላል። በየክፍሉ ደጃፍ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድር አንድ ጠባቂ ይኑር፤ በበሩም ላይ በፊት ቁመት የሚከፈት መስኮት ይበጅለት፥ ከውስጥም የማይጠፋ መብራት ይኑር። መኝታ የሚያድለው እርሱ ይሁን። አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ከደጃፉ አጠገብ ይተኛ፤ በጧትም ማን ምን እንደ ጠየቀው ይጠየቅ። ጠባቂው ቢያንስ ስድስት ወር ከአንዱ ክፍል ሳይዛወር ይቈይ፥ ያለዚያ ስማቸውን ሳያውቅ ይሄዳልና። አንድ ደብተርም ይሰጠው፤ በየጧቱ በሩ ሲከፈት የእያንዳንዱን ሰው ፊት እያየ ያስወጣና፥ እንደ ወትሮው ያልሆነውን ሰው ስም በዚያ ይጻፍ፤ ከስሙ አጠገብም ጠይቆት የመለሰለትን ያኑር።